መሰንቆ የአዝማሪ ስንቅ ነው?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ሠርግ ላይ የመጣ አዝማሪ «መሰንቆ ማለት የአዝማሪ ስንቅ ማለት ነው፤ እሱን ያነገተ መንገድ ላይ አይራብም» ሲል ሰማሁ። እውነት ስሙ ከ«ስንቅ» የመጣ ነው? አጻጻፉስ መሰንቆ ነው ማሲንቆ?

መልስ፦ አዝማሪ ከቃል ኅብር ማውጣት ሙያው ነውና አይፈረድበትም። ለግጥም ያምራል፤ ሰዋስው ግን አይቀበለውም። «ስንቅ» ከ«ሰነቀ» ነው፤ ከዚህ ግስ የዕቃ ስም እናውጣ ብንል አማርኛችን «መሰነቂያ» ይለናል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ቆ» ከየት መጣች?

መልሱ ግእዝ ዘንድ ነው። ግእዝ «ሰንቀወ» የሚል ባለ አራት ፊደል ግስ አለው፤ የዜማ ዕቃ መታ፣ ደረደረ ማለት ነው። ከፊት «መ» ሲገባ የመጨረሻዋ «ወ» ትወድቅና ጎረቤቷን ሳብዕ አድርጋ ትሄዳለች፤ መሰንቆ። «ረኀወ» ካለው (ከፈተ) «መርኆ» (ቁልፍ) የወጣውም በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ፍቺው የዜማ መምቻ፣ መደርደሪያ ነው፤ የአውታሩን ቁጥርም ሆነ ቅርጹን አይናገርም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ስሙ ከዕቃው መቅደሙ ነው። መዝሙረ ዳዊት በግእዝ «ግነዩ ለእግዚአብሔር በመሰንቆ» ሲል (መዝ. 32፥2፤ በአማርኛው እትም 33) የግሪኩ ቃል «ኪታራ» ነው፤ በጣት ወይም በመምቻ የሚመታ ባለ ብዙ አውታር፣ ለክራር የሚቀርብ ዕቃ። መጽሐፉ ወደ ግእዝ የተመለሰው ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አውታርን በደጋን መገዝገዝ ግን በዓለም ላይ የታወቀው በ10ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ዳዊት ደጋሚው «በመሰንቆ» ሲል የሠርጉን ባለ አንድ ጭራ መሰንቆ በዓይነ ሕሊናው ቢያይ ተሳስቷል ማለት ነው፤ አይፈረድበትም፣ ስሙ ያው ነው።

የዛሬው መሰንቆ አውታሩ የፈረስ ጭራ ነው፤ ትግርኛው «ጭራ ዋጣ» የሚለውም ለዚሁ ነው። አውታሩ ከአንገቱ እንጨት ርቆ የተወጠረ ስለሆነ መቺው ጣቱን ከጎን እያስነካ እንጂ እንጨቱ ላይ እየተጫነ አይጫወትም። በዚያች አንዲት ጭራ ትዝታውንም፣ አንቺ ሆዬንም፣ በእናንተው አገር ስም የተጠሩትን አምባሰልንና ባቲንም ያወጣባታል።

ግሱን በተመለከተ «መሰንቆ መታ» ትክክል ነው፤ «ገዘገዘ» ደግሞ ደጋኑን በደንብ ያሳያል። «ደረደረ»ን ለበገናና ለክራር ብንተውለት እመርጣለሁ።

አጻጻፉ «መሰንቆ» ነው። «ማሲንቆ» የአፍ ነው፤ ሲናገሩት ማንም አይከስዎትም፣ ሲጽፉ ግን ግሱን የሚያስታውሰው የመጀመሪያው ነው።