«መጋዘን የመሰለ ቤት እንዴት ቅርስ ይሆናል?» ስለ እንግሊዝ ዘመናዊ አብያተ ክርስቲያናት ጥያቄና መልስ

የአንድ ምሥራቅ ለንደን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ፎቶ አሳይቼ «ይህ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው» ብል ጥያቄ ጎረፈብኝ። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የእህል መጋዘን መስሎኝ ነበር። ቅርስ የሚያሰኘው ምኑ ነው?

መልስ፦ መጋዘን ቢመስልዎት አልፈርድም። ሐምራዊ የሚያጠላበት ጠንካራ ጡብ ነው፤ ዕርቃኑን የቆመ ግድግዳ፣ ከላዩም የመስታወት ሣጥን የመሰለ ማማ። ቦው ኮመን የሚገኘው ይህ የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ከ1958 እስከ 1960 የተሠራ ሲሆን በፊት በቦታው የነበረውን ቤተ ክርስቲያን የጀርመን ቦምብ በ1941 አውድሞታል። ሥራውን የተረከቡት አርክቴክቱ ሮበርት ማግዋየርና ንድፍ አውጪው ኪት መሬይ ያኔ ሁለቱም ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም።

እኔ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። እብነ በረድ ጠብቄ የእግረኛ መንገድ የሚነጠፍበትን የኮንክሪት ንጣፍ አገኘሁ፤ ከበሩ ውጭ የረገጥኩትን ውስጥም ደገምኩት። የጥምቀቱ ገንዳ ለፋብሪካ አገልግሎት የተሠራ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። መሃል ላይ ካለው መሠዊያ በላይ የተንጠለጠለው አክሊልም ቢሆን ማንኛውም ብረት ሠራተኛ ከሚያውቀው ተራ ብረት የተበየደ ነው። ገንዘብ ስላጠረ ብቻ አይምሰላችሁ። ሠፈሩ የወዛደር ሠፈር ነበር፤ ሰዎቹ በየቀኑ የሚነኩትን ነገር ወስደው ለመቅደስ አበቁት። በመግቢያው ዙሪያ በትልልቅ ፊደል የተቀረጸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው እንጂ ሌላ አይደለም፥ ይህም የሰማይ ደጅ ነው።» ያዕቆብ ይህን ያለው ድንጋይ ተንተርሶ ሜዳ ላይ አድሮ ነው። ለዚህ ቤት ከዚህ የሚስማማ ጥቅስ አይገኝም።

ጥያቄ፦ መሠዊያው መሃል ላይ ነው ብለሃል። የእኛ ክብ አብያተ ክርስቲያናትስ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ አይደሉም? ምኑ አዲስ ሆነ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። በእኛ ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ ደግሞ መቅደሱን ይከባል። መሃሉ ላይ ታቦቱ አለ፤ ግን በግድግዳና በመጋረጃ የተሰወረ ነው። ሰው ይከበዋል እንጂ አያየውም። በእንግሊዝ ልማድ ደግሞ ቤቱ ረጅም ነው፣ መሠዊያው ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው፣ ምእመኑም እንደ ትምህርት ቤት ተደርድሮ የፊተኛውን ሰው ማጅራት ያያል።

ቦው ኮመን ላይ መሠዊያው ወደ መሃል መጣ፤ የሚሰውረው ግድግዳ ግን የለም። ብርሃን ከላይ ከመስታወቱ ማማ ይወርድበታል፤ ተንቀሳቃሽ አግዳሚ ወንበሮች በሦስት ጎን ይከቡታል። ስትቀመጡ ከመሠዊያው ማዶ የሌላ ምእመን ፊት ታያላችሁ። ይህ የሆነው በ1960 ነው፤ ቅዳሴን ለምእመኑ ያቀረበው የካቶሊኮች ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የተከፈተው በ1962 መሆኑን አስታውሱ። ከ1957 ጀምሮ እነ ማግዋየር ያሉበት አንድ የጥናት ቡድን «መጀመሪያ ቅዳሴው ምን ይጠይቃል? ቤቱ ከዚያ ይከተላል» እያለ ይከራከር ነበር። እንግዲህ ለእኔ የዚህ ቤት ቅርስነቱ በአቀማመጡ ነው። ጡቡን ሁሉ ጠብቀህ ወንበሩን መልሰህ በመስመር ብትደረድር ቅርሱ ጠፋ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጌጥ የሚባል ነገር የለውም?

መልስ፦ አለው። ሠዓሊው ቻርለስ ለትየንስ ከ1963 እስከ 1968 በጣሊያን ሙራኖ መስታወት የሠራቸው ሞዛይክ መላእክት አሉ። አምስት ዓመት ፈጅቶበታል።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ኮቨንትሪ ዳር ነው። በሠፈራችን እንደ ኮንዶሚኒየም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እሱም ቅርስ ነው ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ ታይል ሂል፣ ዊለንሃል ወይም ውድ ኤንድ ከሆነ እውነት ነው፤ ንጽጽርህም ከምታስበው በላይ ትክክል ነው። የኮቨንትሪን ካቴድራል የሠራው አርክቴክት ባሲል ስፔንስ ነው ሦስቱንም የነደፈው፤ የተሠሩትም ካቴድራሉ በ1962 ከመቀደሱ በፊት፣ በ1957 ገደማ ነው። ግድግዳቸው የሠፈሩ የመንግሥት ቤቶች ከተሠሩበት አሸዋ የሌለው ኮንክሪት ነው፦ ጠጠርና ሲሚንቶ ብቻ ተለውሶ በቅርጽ ይፈስሳል። ሳይለሰን ብታየው በስኳር የተጋገረ ለውዝ ይመስላል። በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት እርጥበት ወደ ውስጥ እንዳይሳብ ያግዳል፤ ከተራው ኮንክሪት ይልቅም ሙቀት ይይዛል። የደወሉ ማማ ለብቻው ቆሟል፣ የሰበካው አዳራሽም ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተያይዟል። ቱሪስቱ ሁሉ ወደ ካቴድራሉ ይጎርፋል፤ እኔ ግን እነዚህን ሦስቱን አስቀድማለሁ። ለአዲስ ሠፈርተኛ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ ክብር ያለው ቤት መሥራት ካቴድራል ከመሥራት አይቀልም።

ጥያቄ፦ የዚያ ዘመን ሕንፃ ሁሉ ያፈስሳል። ማን ይጠግነዋል?

መልስ፦ ማፍሰሱስ ያፈስሳል። ጠፍጣፋ ጣሪያና የተደበቀ አሸንዳ የዚያ ትውልድ በሽታ ናቸው። አርማታው ደግሞ ዕድሜ ሲጫነው አየር ቀስ በቀስ ይዘልቀዋል፤ ውስጡ ያለው ፌሮ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ሽፋኑን ፈንቅሎ ይጥላል። ሰው «ኮንክሪቱ ተበላሸ» ይላል፤ የታመመው ግን ብረቱ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ በጎ አሳቢ ኮሚቴ ነው። ወለሉ ቀዘቀዘ ብሎ ምንጣፍ ያለብሳል፣ ሙቀት ወጣ ብሎ የላይኛውን መስታወት ይደፍናል። ጎቲክ ቤት ላይ እንዲህ ቢያደርጉ አገር ይጮህ ነበር።

ጥያቄ፦ ማኅበረ ምእመናናችን የተዘጋ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊገዛ እየተነጋገረ ነው። የ1960ዎቹ ሕንፃ ነው፣ በደረጃ 2 ተመዝግቧል። መቅደስ መሥራት እንችላለን?

መልስ፦ ይህን ሳትፈርሙ በፊት መጠየቃችሁ መልካም ነው። የእንግሊዝ (የአንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃዋን ስታድስ ከአካባቢው ምክር ቤት የቅርስ ፈቃድ አትጠይቅም፤ የራሷ የሀገረ ስብከት ፍርድ ቤት ነው የሚፈቅደው። ይህ መብት ለካቶሊኮች፣ ለሜቶዲስቶችና ለጥቂት ሌሎችም ተሰጥቷል። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ሕንፃው እናንተ እጅ በገባ ማግስት ቅርስነቱን የሚነካ ማንኛውም ለውጥ፣ የውስጡም ጭምር፣ የምክር ቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል። ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው፤ ቅጣት ከፍሎ የሚታለፍ የደንብ ጥሰት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። በሽያጩ ውል ላይም አጠቃቀሙን የሚገድቡ ግዴታዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ የሕግ ባለሙያችሁ መስመር በመስመር ያንብበው።

አትደንግጡ ግን። «ደረጃ 2» ማለት «አትንካ» ማለት አይደለም፤ በእንግሊዝ ከተመዘገቡት ሕንፃዎች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት እዚሁ ደረጃ ላይ ናቸው። የቅርስ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «የተጨመረው ነገ ቢነሳ ሕንፃው እንደነበረ ይመለሳል ወይ?» ብለው ነው። ግድግዳ ሳይነካ፣ ወለል ሳይቆፈር ለብቻው የሚቆም የእንጨት መቅደስ ብታቀርቡ ከብሎኬት ግንብ ይልቅ የመፈቀድ ዕድሉ እጅግ የሰፋ ነው። መጋረጃው ምንም ችግር የለበትም።

ጥያቄ፦ ሰው የማይገባበትን ቤት ከመጠበቅ አፍርሶ መኖሪያ መሥራት አይሻልም?

መልስ፦ አንዳንዱን፣ አዎ። በዚያ ዘመን ችኩልና ርካሽ ሥራም በብዛት ተሠርቷል፤ ዘመናዊ ሁሉ ቅርስ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላይ ተመሳሳይ ጉዳይ አለ?

መልስ፦ የአፍሪካ አዳራሽን ተመልከቱ። በ1961 የተመረቀ፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ያለበት ነው። ታድሶ በ2024 ተከፍቷል። ከቦው ኮመን ጋር በአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚበላለጡት፤ አንዱን ሐውልት ሌላውን መጋዘን የምንለው ለምን እንደሆነ እናንተው ንገሩኝ።

ጥያቄ፦ ለንደን ነኝ፣ ሄጄ ላየው አስቤአለሁ። ምን ልመልከት?

መልስ፦ ሰው ባለበት ሰዓት፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሂጂ። በር አጠገብ አትቁሚ፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጪና መጀመሪያ ወለሉን እዪ፣ ከዚያ ማዶ የተቀመጡትን ሰዎች።