ኮሌጁ ተቀብሏት ነበር፤ አሁን ቦታዋን ሊነጥቃት ይችላል?

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በኖቬምበር ለአንድ የግል ኮሌጅ በኧርሊ ዲሲዥን (ከተቀበሏት እዚያው እንደምትገባ አስቀድማ ፈርማ) አመለከተች፤ በዲሴምበር ተቀበሏት። ስታመለክት እሷም፣ አባቷም፣ የትምህርት ቤቷ ካውንስለርም ፈርመዋል። እንደተቀበሏት ሌሎቹን ማመልከቻዎች ሁሉ አነሳች። በኖቬምበር መጨረሻ አያቷ አዲስ አበባ አረፉ፤ ከዚያ ወዲህ ልጄ እንደ በፊቱ አይደለችም። የሴሚስተሩ ውጤት ሲመጣ ካልኩለስ ላይ ዲ አገኘች። ኮሌጁ ሊሰርዛት ይችላል? ከሰረዛትስ መክሰስ እንችላለን? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ያጽናችሁ።

አዎ፣ ሊሰርዛት ይችላል። ግን በአንድ ዲ ብቻ ወዲያው ይሰርዛል ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው።

እስቲ «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለውን ደብዳቤ እንደገና አውጥተው ያንብቡት። ዝቅ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ያገኛሉ፤ ቅበላው የሚጸናው 12ኛ ክፍልን እስካሁን ባሳየችው ደረጃ ከጨረሰች ነው የሚል። ሰው ደስታው ላይ ስለሚቆም እዚያ ድረስ አያነብም። የኮሌጁ መብት ግን ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው።

ብዙ ወላጅ አሳሪ ውል ሲባል ሁለቱም ወገን እኩል የታሰሩ ይመስለዋል። ልጅዎ የፈረመችው «ከተቀበላችሁኝ እገባለሁ፣ ሌላውን አነሳለሁ» ብላ ነው። ኮሌጁ ግን ቃሉን የሰጠው በቅድመ ሁኔታ ነው። ስለዚህ በመደበኛው መንገድ ያመለከተ ተማሪ አንዱ ቢቀርበት ሌላ ይኖረዋል፤ የእርስዎ ልጅ ግን ሌሎቹን በሮች በገዛ እጇ ዘግታለች። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። በኦገስት 2025 ተማሪዎች ይህ አሠራር ውድድርን ያጠፋል፣ ዋጋም ያስወድዳል ብለው 32 ኮሌጆችን በማሳቹሴትስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰዋል። ያ ክስ ግን የውጤት ጉዳይ ስላልሆነ ለልጅዎ መፍትሔ አይሆንም።

መክሰስ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ግን አልመክርዎትም። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በትምህርት ውጤት ጉዳይ የኮሌጅን ውሳኔ ለመሻር በጣም ያመነታሉ፤ ቅድመ ሁኔታው ደግሞ በጽሑፍ ሰፍሯል። ዳኛው ፋይሉን ሳይከፍት ትምህርት ይጀመራል።

የሚጠቅመው ቀድሞ መናገር ነው። ካውንስለሯ የግማሽ ዓመት ውጤቷን ለኮሌጁ መላኳ አይቀርም፤ ስለዚህ ዲው አይደበቅም። ልጅዎ ራሷ ለቅበላ ቢሮው ትጻፍ። እርስዎ አይጻፉ፣ አባቷም አይጻፍ፣ ጠበቃም አያስጽፉ። ኮሌጁ መስማት የሚፈልገው እሷን ነው። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ አያቷ መቼ እንዳረፉ፣ ምን እንዳጋጠማት፣ አሁን ምን እያደረገች እንደሆነ። «ማክሰኞና ሐሙስ ከክፍል በኋላ ከመምህሬ ጋር እየሠራሁ ነው» የሚል አንድ መስመር ከአንድ ገጽ ይቅርታ ይበልጣል። ካውንስለሯ ይህንኑ የሚደግፍ አጭር ደብዳቤ ታክልላት። ካልኩለሱን ለመተው ካሰበች ደግሞ መጀመሪያ ኮሌጁን ትጠይቅ። ሳይነግሩ ኮርስ መጣልም ራሱን የቻለ የመሰረዣ ምክንያት ይሆናል።

ዝም ማለት የሚያስፈራኝ በጊዜው ምክንያት ነው። ኮሌጆች የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት የሚያዩት 12ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ፣ በሰመር ነው፤ ስረዛም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው፣ ዲፖዚት ከተከፈለ፣ የመኝታ ክፍል ከተመደበ በኋላ።

«ለመጠባበቂያ በድብቅ ሌላ ቦታ ታመልክት» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እባክዎ እንዳይሰሙት። ያ የፈረመችውን ማፍረስ ነው፤ ከታወቀ ኮሌጁ ሊሰርዛት ይችላል። ጉዳቱ ለትምህርት ቤቷም ይተርፋል። ቱሌን ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ውሉን በማፍረሱ የዚያን ትምህርት ቤት ልጆች በሙሉ ለአንድ ዓመት ከኧርሊ ዲሲዥን አግዷል። ፋይናንሻል ኤይዱ (የገንዘብ ድጋፉ) ካልበቃ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ከውሉ እንዲለቋት መጠየቅ ይቻላል።

ኮሌጁ ራሱ ከሰረዛት ደግሞ ነፃ ናት። የኮሌጅ ቅበላ አማካሪዎች ማኅበር፣ ናካክ፣ በየዓመቱ በሜይ ገና ቦታ ያላቸውን ኮሌጆች ዝርዝር ያወጣል። የሁለት ዓመቱ የሕዝብ ኮሌጅ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅም እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ካምፓስ አለው፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ከዚያ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የተለመደ መንገድ ነው።

ከኮሌጁ ደብዳቤ ከመጣ መጀመሪያ የመልስ መስጫውን የመጨረሻ ቀን ይዩ። ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ጠበቃ የሚያማክሩት ያኔ ነው፤ ቀኑ ሳያልፍ።