ባለቤቴ በልጃችን ጨዋታ ላይ ይጮኻል ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ9 ዓመት ልጃችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ በሊትል ሊግ (የልጆች ሊግ) ቤዝቦል ጀምሯል። ባለቤትሽ ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጮኽበታል። ባለፈው ቅዳሜ ከዳኛው ጋር በመጨቃጨቁ አሰልጣኙ ለሁለታችሁም ኢሜይል ጽፏል። እሱ ደግሞ «ፈረንጆቹስ ይጮሁ የለም ወይ? እኔ ልጄን እያበረታታሁ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። «ከሁለታችን ማን ነው ትክክል?» ነው ጥያቄሽ።

እኔ ሁለት ልጆቼን ሜሪላንድ ውስጥ በዚሁ ሊግ አጫውቻለሁ። ብዙውን ጊዜ የነጥብ መዝገቡን ይዤ ስለምቀመጥ ከልጆቹ እኩል ወላጆቹንም ሳይ ነው የኖርኩት። ከዚያ በመነሳት የምነግርሽ ነው።

ባለቤትሽ አንድ ነገር ላይ እውነት አለው፤ አሜሪካውያኑም ይጮኻሉ። ግን መቼ እንደሚጮኹ ልብ ብሎ ያዳምጥ። ኳሷ ከተመታች በኋላ፣ ሯጩ ቤዝ (ሜዳው ላይ በተራ የሚደርስባትን ማረፊያ) ከረገጠ በኋላ፣ አንዱ ልጅ ተንሸራቶ ኳስ ከቀለበ በኋላ ሜዳው ዳር ያለው ሁሉ ብድግ ይላል። ወርዋሪው ኳሷን ይዞ ሲዘጋጅ ግን ነገሩን የሚያውቅ ወላጅ ዝም ነው የሚለው። የማያውቅም አለ፤ እሱን አይቶ መማር የባለቤትሽ ጥፋት ብቻ አይደለም።

እኛ የመጣነው ከእግር ኳስ ነው። ጊዮርጊስና ቡና ሲጋጠሙ አዲስ አበባ ስታዲየም የገባ ሰው ዝም ብሎ ጨዋታ ማየት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። እግር ኳስ ውስጥ ሃያ ሁለት ሰው ይሮጣል፣ ኳሷ አትቆምም፣ የአንተ ጩኸት ከሺዎች ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ቤዝቦል እንደዚያ አይደለም። በሁለት ውርወራዎች መካከል ሁሉም ነገር ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ልጅ የራስ ቁር አጥልቆ፣ ዱላውን ይዞ፣ ብቻውን ይቆማል። የሜዳው ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የአባት ድምፅ ሲመጣ የትም አይጠፋም፤ በቀጥታ ልጁ ላይ ነው የሚያርፈው። በሊትል ሊግ የሕፃናት ሜዳ ወርዋሪው የሚቆመው 46 ጫማ ርቀት ላይ ነው። ኳሷ ከእጁ ወጥታ ልጁ ጋር እስክትደርስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት «ክርንህን አንሳ፣ እግርህን ክፈት፣ ኳሷን እያት» የሚል ትእዛዝ ሰምቶ ሊፈጽም የሚችል የ9 ዓመት ልጅ አልተፈጠረም።

ያየሁትን ልንገርሽ። ሦስቱም ቤዞች ላይ ሯጮች አሉ፣ ነጥቡ እኩል ነው፣ ሁለት ስትራይክ (ያመለጠው ኳስ) የተቆጠረበት፣ ሦስተኛው ከተቆጠረበት የሚወጣ ልጅ ሊመታ ቆሟል። አሰልጣኙ ከሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ሆኖ በእጁ ምልክት ይሰጠዋል። አባቱ ከአጥሩ ጀርባ ስሙን ይጠራል። ልጁ ፊቱን ወደ አባቱ መለሰ። ምን እንዳለው ለመስማት ነበር፤ ደህና ልጅ ነውና አባቱ ሲጠራው ይዞራል። ወርዋሪው ግን ኳሷን ለቋት ነበር። ሦስተኛው ስትራይክ ሲታወጅ ልጁ ገና አባቱን እያየ ነበር። አባትየው ደግሞ በሁለት እጁ አጥሩን ይዞ «የት ነው የምታየው?» አለው።

ከዚህ የበለጠ ማስረዳት አልችልም። ልጁ ያየው የጠራውን ሰው ነው።

ስለ ዳኛው ጉዳይ ደግሞ ባለቤትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ የሚቆመው የት ነው? እንደ አብዛኞቻችን በአንደኛው ወይም በሦስተኛው ቤዝ በኩል ከሆነ ኳሷ ከፍ ማለቷን ወይም ዝቅ ማለቷን ሊገምት ይችላል። መቺው አጠገቧ በሚቆምባት ሰሌዳ፣ በሆም ፕሌቱ ላይ ማለፏን ወይም ወደ ጎን መውጣቷን ግን ከዚያ ሆኖ በፍጹም ማየት አይችልም። ሰሌዳዋ ስፋቷ 17 ኢንች ብቻ ነው፤ ያንን የሚያየው ከኋላዋ ያጎነበሰው ዳኛ ነው። በዚያ ላይ የሊትል ሊግ የስትራይክ ክልል፣ ማለትም ኳሷ ካለፈችበት ልጁ ባይመታትም ስትራይክ የሚባልበት ቦታ፣ ከልጁ ብብት ይጀምርና እስከ ጉልበቱ አናት ይወርዳል፤ በቴሌቪዥን ከሚታየው የትልልቆቹ ጨዋታ ይልቅ ከላይ ሰፋ ያለ ነው። «ኧረ ይቺ ከፍ ብላለች!» ብሎ የሚቆጣው አባት ብዙውን ጊዜ የሚቆጣው በሌላ ሕግ ነው።

ዳኛውስ ማን ነው? ሊትል ሊግ በ1939 ፔንስልቬኒያ ዊልያምስፖርት ውስጥ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ የቆመው በበጎ ፈቃደኞች ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከልጃችሁ ኋላ የሚያጎነብሰው ሰው የአንዱ ተጫዋች አባት ወይም የሠፈሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሆን ይችላል። በሰኔ 2019 ኮሎራዶ ግዛት ሌክዉድ ከተማ የ7 ዓመት ሕፃናት ሲጫወቱ በውሳኔ ተበሳጭተው ሜዳ የገቡ አዋቂዎች እርስ በርስ ተደባደቡ፤ ቪዲዮውን አገር ሁሉ አይቶታል። ውሳኔውን የሰጠው ዳኛ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ኒው ጀርሲ ውስጥ ደግሞ የዴፕፎርድ ሊትል ሊግ በ2023 ዳኞቹ በስድብ ተማረው ሲለቁበት አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከዳኛ ጋር የሚጨቃጨቅ ወላጅ ተመልሶ ጨዋታ ለማየት መጀመሪያ ራሱ ሦስት ጨዋታ መዳኘት ነበረበት። እኔ በበኩሌ ይህን ደንብ ለሁሉም ሊግ እመኛለሁ። አንድ ጨዋታ እንኳ ይበቃል።

ባለቤትሽ «ስለ ጨዋታው ምን ታውቃለህ» ብሎ እኔን ባይሰማኝ አልፈርድበትም። እንግዲያውስ ስለ ማይክ ማቴኒ ያንብብ። በአሜሪካ ትልቁ የባለሙያዎች ቤዝቦል ሊግ ከ1994 እስከ 2006 ኳስ ቀላቢ ሆኖ የተጫወተ፣ በኋላም የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ዋና አሰልጣኝ የሆነ ሰው ነው። በመካከሉ የሕፃናት ቡድን እንዲያሠለጥን ሲለምኑት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለወላጆቹ ረዥም ደብዳቤ ጻፈላቸው። ዋናው ሐሳቡ ወላጆች ከዳር ሆነው በጸጥታ እንዲደግፉና ለልጆቹ መመሪያ እንዳይሰጡ ነበር። ይህን የጠየቀው በሙያው አንቱ የተባለ ሰው ነው እንጂ ጫጫታ የማይወድ ጎረቤት አይደለም።

ሌላው እኛ ላይ የሚከብደው የመሳሳት ነገር ነው። ከመቶ 95 ያመጣን ልጅ «አምስቷ የት ገባች?» እያልን ያደግንም ያሳደግንም ሰዎች ነን። ቤዝቦል ውስጥ ደግሞ ከ10 ጊዜ 3 ጊዜ በትክክል የሚመታ ባለሙያ ኮከብ ይባላል፤ ሚሊዮኖች ይከፈለዋል። ሰባቱን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። ልጃችሁ በአንድ ጨዋታ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይሳካለት ቢወጣ ጨዋታው በትክክል እየሄደ ነው ማለት ነው። ሲመለስ «አይዞህ» ይባላል፤ ይኸው ነው። በአማርኛ ቢባል ደግሞ ይመረጣል።

ቤት ከገባችሁ በኋላም ቢሆን ተጠንቀቂ። መኪና ውስጥ ጨዋታውን አትተንትኑ፣ ምግብ ምግቡን አውሩ የሚለው ምክር በየቦታው ስለሚገኝ አልደግመውም። እኛ ቤት ግን ተጨማሪ ፈተና አለ፤ ስልክ። ከጨዋታው በኋላ አዲስ አበባ ይደወላል፣ ድምፁ ይለቀቃል፣ አክስት «ዛሬ እንዴት ሆነ?» ትላለች፣ እናት «ኧረ ዛሬ አንዷንም አልመታም!» ብላ ትስቃለች። ልጁ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል። አማርኛ መናገር የሚያቅተው ልጅ እንኳ ስለ እሱ ሲወራ አንዲት ቃል አታመልጠውም።

እስካሁን ዝም በሉ ስል ቆይቻለሁ፤ ዝም ማለት የሌለባችሁ ቦታም አለ። ልጃችሁ ጥሩ ክንድ ካለውና ወርዋሪ ከተደረገ የውርወራዎቹን ቁጥር ያዙ። በሊትል ሊግ ከ9 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ75 በላይ መወርወር አይፈቀድለትም፤ 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ ደግሞ አራት ቀን ማረፍ አለበት። ደንቡ የወጣው በማደግ ላይ ያለ ክርንና ትከሻ እንዳይጎዳ ነው። ነገር ግን ልጁ በሌላ ሊግ፣ ለምሳሌ በክፍያ በሚጓዝ ቡድን ውስጥ እሑድ ዕለት ሌላ 60 ቢወረውር፣ የቅዳሜው አሰልጣኝ ያንን ላያውቅ ይችላል። ሁለቱንም ቁጥር ሁልጊዜ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ልጁ ክርኑን ሲያሽ ካያችሁት ለአሰልጣኙ በዚያው ሰዓት ንገሩት፤ ማሸነፍ ምናምን የሚባለውን አትስሙ። ብዙ ወላጅ ለስትራይክ ይጮኽና ለዚህ ዝም ይላል። በጣም የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

«ልጄን ለምን አስቀመጠው» የሚለው ቅሬታ ከሆነ ግን ሜዳ ላይ አይነሳም። በመደበኛው የሊትል ሊግ ውድድር እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ ከተጋጣሚው ቡድን ስድስት ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ እስኪሆን ሜዳ ላይ መቆየትና አንድ ጊዜ ለመምታት መውጣት አለበት። ያ ከተጓደለ በማግሥቱ በትሕትና ይጠየቃል። ካልተጓደለ የሚጠየቅ ነገር የለም። ልጁ ኳስ እምብዛም በማይደርስበት የቀኝ ሜዳ ላይ መቆሙ ውርደት አይደለም፤ አንድ ሰው እዚያ መቆም አለበት።

በፋሲካ ሰሞን የማትመጡበት ቀን ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ። ለቡድኑ መክሰስ ተራችሁ ሲደርስ ብርቱካን ቆራርጦ መውሰድ ይበቃል፤ ሳምቡሳ ብትወስዱ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ይዛችሁ እንድትመጡ አይፈቅዱላችሁም፤ አስቡበት።

ወደ ባለቤትሽ ልመለስ። አንድ ነገር ከጥያቄሽ ገብቶኛል፤ ዓርብ ማታ ሌሊቱን ሠርቶ፣ እንቅልፉን ትቶ ነው ወደ ሜዳ የሚመጣው። እንዲህ ያለ አባት «አትምጣ» ወይም «አፍህን ዝጋ» ሊባል አይገባውም፤ ቢባልም አይችልም። ደክሞ የመጣ ሰው እጁን አጣጥፎ ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይሆንለት ነው የሚጮኸው። ሥራ ስጡት። በየጨዋታው የወርዋሪዎቹን ኳስ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል፤ ከጨዋታ በፊት አፈሩን የሚያስተካክልና መስመር የሚያሰምርም ያስፈልጋል፤ አሰልጣኞች ሁልጊዜ ሰው ያጥራቸዋል። እርሳስ ይዞ እያንዳንዷን ኳስ የሚመዘግብ ሰው ለመጮኽ ጊዜ የለውም። መዝጋቢው አንዲት ኳስ ካመለጠችው ከተቃራኒው ቡድን መዝጋቢ ጋር ቁጥሩ አይገጥምም፤ ያ ራሱ ቁጭ ያደርጋል። ሕጉንም የሚማረው በዚያው ነው። እኔ ቤዝቦልን የተማርኩት ከመዝገቡ እንጂ ከማንም አይደለም።

ለአሰልጣኙ ኢሜይል የሚሰጠው መልስ አጭር ይሁን። ስለ ቅዳሜው ይቅርታ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ «የወርዋሪዎቹን ቁጥር የሚይዝ ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፤ በቃ። ዳኛው ተሳስቶ ነበር የሚል ማብራሪያ አይጨመርበት። እና አንቺ አትጻፊለት፤ ራሱ ይጻፈው፣ በራሱ ስም ይላከው።