ደመወዜን ሌላ ሰው እንዲያስተዳድርልኝ ብከፍል ያዋጣኛል?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው የምኖረው። ደመወዜ ወር በገባ በ30 ባንክ ይገባል፤ ግን አሥር ቀን ሳይሞላው እያለቀ በኪራይና በልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ እቸገራለሁ። አንድ የሰፈሬ ሰው ደመወዜን በራሱ ሒሳብ ተቀብሎ ኪራዩን፣ ትምህርት ቤቱንና ዕድሩን እየከፈለ የቀረውን በየሳምንቱ ሊሰጠኝ፣ ለድካሙም በወር 300 ብር እንድከፍለው ጠየቀኝ። እንግሊዝ አገር ያለችው እህቴም እዚያ እየተከፈለበት የሚሠራ እንዲህ ያለ አገልግሎት እንዳለ ነግራኛለች። ልስማማ?
አንባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እባክዎ አይስማሙ። የኪራዩን ገንዘብ ከአስቤዛው መለየት ትክክለኛ መላ ነው፤ አደጋው ደመወዝዎ በሌላ ሰው ስም መቀመጡ ነው። እህትዎ የነገረችዎት አገልግሎት ፈቃድ ባለው ድርጅት የሚሠራ ነው፦ ገቢው ሲገባ የክፍያው ድርሻ ተነሥቶ ይቀመጣል፣ የተረፈው ለወጪ በካርድ ይለቀቃል። እርስዎ ዘንድ የመጣው ግን የአንድ ግለሰብ ሒሳብ ነው። ሰውየው ዕዳ ኖሮበት ሒሳቡ ቢታገድ ወይም ድንገት ቢሞት ባንኩ የሚያውቀው የእሱን ገንዘብ ብቻ ነው። ኪራዩም በእሱ ስም ሲላክ እርስዎ ለመክፈልዎ ማስረጃ ያጣሉ። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዘዘው አንድም ለዚህ ይጠቅማል፤ ክርክር ቢነሣ ወረቀቱ በስምዎ ሊሆን ይገባል።

ሒሳቡም ቢሆን አያዋጣም። በወር 300 ብር በዓመት 3,600 ብር ነው። በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ይህን ያህል ለማግኘት ከ51,000 ብር በላይ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ያንኑ ሥራ ባንክዎ ይሠራልዎታል። ደመወዝ ከሚገባበት ሒሳብ ሌላ፣ እዚያው ባንክ ሁለተኛ ሒሳብ ይክፈቱ። የመጀመሪያው ለክፍያ፣ ሁለተኛው ለወጪ ይሁን፤ የኤቲኤም ካርድ የሚይዙት የወጪውን ብቻ ነው። ከዚያ የባንክ ሠራተኞች ስታንዲንግ ኦርደር የሚሉትን ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ለኪራዩና ለትምህርት ቤቱ ያስሞሉ። ቅጹ የሚጠይቀው የተቀባዩን ስምና የሒሳብ ቁጥር፣ የገንዘቡን መጠን፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን ነው። ከመፈረምዎ በፊት ቁጥሩ ሲገባ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚወጣው የአከራይዎ ስም መሆኑን ሠራተኛዋ እንድታነብልዎ ያድርጉ። የአገልግሎት ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ገንዘብ ቢያንስ ትዕዛዙ በማግስቱ ራሱ ይሞክር ወይም ዝም ብሎ ይቅር እንደሆነም ይጠይቁ። ሒሳቡ ውስጥ መቅረት ያለበት ዝቅተኛ ተቀማጭና የአገልግሎት ክፍያው ሳይታሰቡ ቀርተው ኪራዩ በጥቂት ብር ጉድለት ሳይሄድ ሊቀር ይችላልና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። የባንኩ ኮምፒዩተር በፈረንጅ አቆጣጠር ይሄዳል፣ ደመወዝዎ በእኛ። በፈረንጅ 8 ይከፈል ብለው ቢያዙ በየካቲት 1 ላይ ይውልና ደህና ይመስላል፤ ኦክቶበር ላይ ግን መስከረም 28 ይሆናል፣ ደመወዙ ገና አልገባም። በፈረንጅ 12 ያድርጉት። ዓመቱን ሙሉ በእኛ ከ1 እስከ 6 ባለው ቀን ውስጥ ይውላል፤ ከአከራይዎ ጋር የተዋዋሉበትንም ቀን ከዚሁ ጋር ያስማሙ።

የቀረውን ለአራት ሳምንት አይካፈሉ፤ አራት ሳምንት 28 ቀን ነው። ለምሳሌ ከ16,000 ብር ላይ ኪራይ 6,000፣ ትምህርት ቤት 2,800፣ ዕድር 200 ቢነሣ 7,000 ብር ይተርፋል። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 233፣ በሳምንት 1,630 ብር ገደማ ነው። ይህን በየሳምንቱ ከክፍያው ወደ ወጪው ሒሳብ ያዛውሩ፤ የመብራት ካርድና ታክሲም ከዚሁ ይውጣ። የነሐሴ 30 ደመወዝ ግን እስከ መስከረም 30 ማድረስ አለበት፣ ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። በተለመደው ዓመት 35 ቀን ነው፤ ያው 7,000 ብር በቀን 200 ይሆናል ማለት ነው። ዘመን መለወጫና የትምህርት ቤት ምዝገባም እዚያው ላይ ስለሚደርሱ፣ ከጥር ጀምሮ በየወሩ ጥቂት መቶ ብር ለብቻ ቢያስቀምጡ መስከረም አያስጨንቅዎትም።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የምትኖር እናቴ ባንክ መሄድ አቅቷታል። የካርዷን የምስጢር ቁጥር ተቀብዬ ባወጣላትስ?

መልስ፦ ይህ ግን ለአገልግሎቱ ቢከፍሉበት የሚያዋጣ ነገር ነው፤ በምስጢር ቁጥር ሳይሆን በውክልና። እናትዎ ሰነድ በሚያረጋግጥ የመንግሥት ቢሮ በኩል ልዩ ውክልና ይስጡዎት። ወረቀቱ የባንኩን ስም፣ የሒሳቡን ቁጥር፣ ገንዘብ ማስገባትና ማውጣት የሚለውን በግልጽ ይጻፍ፤ በደፈናው «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽም» የሚል ውክልና ባንክ መስኮት ላይ ሊመለስ ይችላል። ያወጡበትን ደረሰኝ ሁሉ ለወንድምና እኅቶችዎ በሚታይ ቦታ ያስቀምጡ። ወካይ ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ለቀብር ወጪም ቢሆን ከሒሳቡ ማውጣት አይችሉም፣ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያስፈልጋል።