መልስ፦ የኧርል ሚስት ለምን «ካውንተስ» ተባለች?

ያነበቡት መጽሐፍ የኧርልን ሚስት «ካውንተስ» ማለቱ ስህተት መስሎዎት ጠይቀዋል፤ መጽሐፉ ግን አልተሳሳተም። «ኧርል» የሚባለው የእንግሊዝ የመኳንንት ማዕረግ የሴት አቻ ስለሌለው ሚስቱ ከፈረንሳይኛ በመጣው «ካውንተስ» ትጠራለች፤ ማዕረጉ ግን ያው የባሏ ነው።

«ኧርል» የሚለው ቃል የስካንዲኔቪያው «ያርል» ዘመድ ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዴንማርካዊው ክኑት እንግሊዝን ሲገዛ ሰፋፊ ግዛት የሚያስተዳድሩለት ሹማምንት ኧርል ይባሉ ነበር። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 ሲገቡ የባልየው ስም ሳይነካ ቀረ፤ የሚስት መጠሪያው ግን ከእነሱ ቋንቋ ተወሰደ። ዛሬ ኧርል ከዱክና ከማርኩዊስ ማዕረጎች ቀጥሎ ሦስተኛ ነው።

የሚተረጉሙ ከሆነ «ደጃዝማች» እንዳይሉት። እኔ ብዬው አራሚዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ መለሰልኝ፤ እውነቱን ነው። ደጃዝማችነት ንጉሥ ይሾመው የነበረ ሲሆን ኧርልነት ግን ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። «ኧርል» ብለው ይተዉት።