ሞክሼ ፊደል፣ ሞክሼ ሰው፦ ስለ ቤት ሽያጭና ስለ ስም ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ የቤት ሽያጭ ውል ስጽፍ ዓመታት ሆኖኛል። «ስሙ አልገጥም ያላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎርፍ ሆነ። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሽምብጥ አካባቢ ቤት ልገዛ ነው። ካርታው «ኃ/ማርያም» ይላል፣ የሻጩ መታወቂያ «ሀይለማርያም»። ያሰጋል?

መልስ፦ ሰውዬው አንድ መሆኑን አንተ ታውቃለህ፣ ኮምፒውተር ግን አያውቅም። ለእሱ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ፊርማው ሳይሆን የዕዳና እገዳ ማጣሪያው ነው። በአንዱ አጻጻፍ ተፈልጎ «የለም» ሲባል፣ እገዳው በሌላው አጻጻፍ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በካርታ ቁጥሩ አስጣራ፤ በስም ከሆነም በሁለቱም። ውሉ ላይ ስሙን ከካርታው ፊደል በፊደል ገልብጥና «በመታወቂያው ሀይለማርያም የተባለው» ብለህ ጨምር።

ጥያቄ፦ የሻጩ ሞክሼ እዚያው ቀበሌ ውስጥ አለ።

መልስ፦ የአያት ስም የሌለበት ውል አትፈርም። የፋይዳ ቁጥሩም ይግባ። እስከ አያት የሚሞካሹ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ባለ 12 አሃዙ ቁጥር ግን የእያንዳንዱ ለየብቻው ነው።

ጥያቄ፦ አባታችን አርፈዋል። ካርታው ላይ የክርስትና ስማቸው ነው ያለው፣ «መሪጌታ» ከሚለው ጋር። የሞት ምስክር ወረቀቱ በዓለም ስማቸው ነው። ቤቱን ወደ ስማችን ማዞር እንችላለን?

መልስ፦ ነፍስ ይማር እህቴ። ትችላላችሁ፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው በሞት ምስክር ወረቀቱ ስም ብቻ የወራሽነት ማስረጃ ያወጣል። ይዞታ ክፍል ሲደርስ «ይሄ ሰው እኛ መዝገብ ላይ የለም» ይባላል። ከዚያ እንደገና ፍርድ ቤት። እኔም አንድ ቤተሰብ በዚህ ስህተት አመላልሻለሁ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። እናንተ ከመጀመሪያው አቤቱታ ላይ ሁለቱንም ስም ጻፉና የአንድ ሰው መሆናቸው እንዲረጋገጥ ጠይቁ። በሁለቱም ስም የሚያውቋቸው ምስክሮች ያዙ። የድሮ የግብር ደረሰኝም ፈልጉ። ያን ቤተሰብ ያዳነው የእናትየው ፌስታል ነበር። ከውስጡ ጫፉን አይጥ የበላው ደረሰኝ ወጣ። ከፋይ በሚለው ቦታ የሟቹ የክርስትና ስም፣ ከጎኑ በቅንፍ የዓለም ስሙ። የጻፈው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እጁ ይባረክ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። ቢጫ ካርዴ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬ) ላይ ያለው የባለቤቴ ቤተሰብ ስም ነው፤ ካርታው በድሮ ስሜ ነው። ወንድሜ በውክልና ይሽጥልኝ?

መልስ፦ ይችላል። እዚህ ሴት ስታገባ ስሟ ስለማይለወጥ ወረቀቱን የሚያየው ሰው ግራ ይገባዋል። ውክልናው ሁለቱንም ስም ይያዝ፤ የስም ለውጡን ወይም የጋብቻውን ማስረጃ አያይዢ። «ቤቴን ለመሸጥ» የሚለውም በግልጽ ይጻፍ፤ ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ኤምባሲ ያረጋገጠው ሰነድ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም መረጋገጥ አለበት።

ጥያቄ፦ ካርታው በባል ስም ብቻ ነው። ሚስትየውም ትፈርም?

መልስ፦ ትፈርም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ቤት ከሆነ ስሟ ካርታው ላይ አለመኖሩ መብቷን አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ ደላላው «ቀብድ ስጥ፣ ስሙ በኋላ ይስተካከላል» እያለኝ ነው።

መልስ፦ ደላላ ሁሌም እንደቸኮለ ነው፤ ኮሚሽኑ ይታየዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ስሙ አልስተካከል ብሎ ቀኑ ቢያልፍስ፣ አፍራሹ ማን ሊባል ነው? ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የግድ መስጠት ካለብህ፣ ስሙን የሚያስተካክለው ሻጩ መሆኑንና እስከ መቼ እንደሆነ ቀብዱ ወረቀት ላይ አስፍር። «ይሄማ ምን ችግር አለው» ሲል የነበረው ሻጭ እዚያች መስመር ላይ ለመፈረም ካቅማማ፣ ብርህን ከኪስህ አታውጣ።