አፓችሁ ላይ ቶር ስለማስገባት፣ ከባዱ ቶሩ አይደለም

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ «ሁለት ዓመት የሰራ የአንድሮይድ አፕ አለን፣ አሁን ትራፊኩ በቶር በኩል ይሂድ ተባልን፣ ኮዱን ሳላፈርስ እንዴት ላስገባው» ነው ያልሽው። ለማያውቅ ሰው፣ ቶር ማለት ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ እንዳይታወቅ ትራፊኩን አመስጥሮ ሪሌይ በሚባሉ መሀል ላይ ባሉ ሰርቨሮች የሚያዞር ኔትወርክ ነው። እኔ ይሄንኑ ስራ አምና ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰርቼዋለሁ፣ ቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች የሕግ ምክር የሚጠይቁበት የአንድ ማህበር አፕ ነበር፣ እና ያየሁትን ልንገርሽ።

ቀላሉን ላስቀድም። ቶር ስልኩ ላይ ሲነሳ 127.0.0.1 ላይ ሶክስ5 ፕሮክሲ (የአፑን ትራፊክ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ መካከለኛ) ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ የተለመደው ፖርት 9050 ነው። ከሰርቨር ጋር ለመገናኘት ኦኬኤችቲቲፒ የሚባለውን ላይብረሪ ከሆነ የምትጠቀሙት ክላየንቱ ሲፈጠር ፕሮክሲውን ትሰጪዋለሽ በቃ፣ ሁለት መስመር ነገር ነው። ታይምአውቱን ግን አሳድጊው፣ ዲፎልቱ 10 ሰከንድ ነው፣ ሶስት ሪሌይ ዞሮ ለሚመጣ ነገር በኛ ሰፈር ዳታ አይበቃም፣ እኔ 60 አደረግኩት። የድምጽ ጥሪ ካላችሁ እሱን እርሺው፣ ቶር ቲሲፒ የሚባለውን እንጂ የቀጥታ ድምጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄድበትን ዩዲፒ አያሳልፍም።

ኦርቦትን (ቶርን ለሌሎች አፖች የሚያስነሳ ለብቻው የሚጫን አፕ) ጫኑ ብሎ በሱ ማሳለፍም ይቻላል፣ ለናንተ ስራ ይቀላል። እኛ ግን አልፈለግንም፣ የአንዲት ሴት ስልክ ላይ የኦርቦት አይከን መታየቱ ራሱ ቤት ውስጥ ጥያቄ ያስነሳል። ስለዚህ ቶሩን ላይብረሪ አድርገን አፑ ውስጥ ከተትነው። እንደዛ ካደረጋችሁ ፖርቱን 9050 ብላችሁ አትቸንክሩት፣ ኦርቦት ያለው ስልክ ላይ ተይዞ ታገኙታላችሁ፣ ቶሩ ራሱ ክፍት ፖርት ይምረጥ።

እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ጨረስኩ ብዬ ለማህበሩ ደወልኩ። ማታ ላይ መብራት ጠፍቶ ዋይፋይ የለም፣ ሌላኛውን ስልኬን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ፣ ላፕቶፑን ሆትስፖት አድርጌ፣ መሞከሪያውን ስልክ በሱ አስገብቼ ዋይርሻርክ (በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፈትኩ። ከአፑ አንድ መልእክት ላክሁ። ወደ ቶር የሚሄደው ይታያል፣ ደስ አለኝ። ከዛ መሀል ላይ ፖርት 53፣ የሰርቨር ስም ወደ አድራሻ በሚፈታበት የዲኤንኤስ ጥያቄ ላይ፣ የማህበሩ ሰርቨር ስም ፊደል በፊደል ሳይመሰጠር ቁጭ ብሏል። ለካ የጠበቆቹን ፎቶ የሚያወጣው ላይብረሪ የራሱን ኮኔክሽን ነው የሚከፍተው፣ የኔን ክላየንት አያውቀውም፣ ፕሮክሲውንም አያውቀውም። ባልየው የቤቱን ራውተር ማየት የሚችል ሰው ቢሆንስ? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ትልቁ ስራ ቶሩን ማስገባት ሳይሆን በቶሩ የማያልፈውን አንድ በአንድ ማደን ነው። ክራሽ ሪፖርት የሚልከው፣ አናሊቲክሱ፣ ዌብቪው (አፑ ውስጥ ዌብ ገጽ የሚከፍተው)፣ ካርታው፣ ፑሽ ኖቲፊኬሽኑ፣ ሁሉም በራሳቸው መንገድ ነው የሚወጡት። እኛ አናሊቲክሱንና ፑሹን ጭራሽ አወጣናቸው፣ መልስ የሚታየው አፑ ሲከፈት ብቻ ሆነ፣ ተጠቃሚው ትንሽ ቢቸገርም አልቆጨኝም። የፓይተን ስክሪፕት ካላችሁ ደግሞ በሪኩዌስትስ ላይብረሪ ፕሮክሲውን ሶክስ5 (socks5) ብቻ ብትዪው ዲኤንኤሱን እዛው ማሽኑ ላይ ይፈታዋል፣ መጨረሻው ላይ ኤች ስትጨምሪበት (socks5h) ነው ስሙ በቶር ውስጥ የሚፈታው። አንዲት ፊደል ናት፣ ግን ከተረሳች ሁሉን ነገር ታጋልጣለች።

ከኔ በፊት የነበረው ልጅ «ቶር ካልተነሳ በቀጥታ ሂድ» የሚል ኮድ ጽፎ ነበር፣ በቅን ልቦና ነው ግን አደገኛ ነው። ካልተነሳ አፑ ምንም አይላክ፣ ለተጠቃሚዋም በግልጽ ይነገራት።

ሰርቨሩ የራሳችሁ ከሆነ የኦኒየን አድራሻ (ቶር ውስጥ ብቻ የሚሰራ) ስጡት፣ ያ 56 ፊደል ያለው ማለቴ ነው፣ ኤግዚት ኖድ (ከቶር ወደ ተራው ኢንተርኔት የሚያወጣው የመጨረሻ ሪሌይ) ሳያስፈልግ እዛው ቶር ውስጥ ይጨርሳል። እዚህ ላይ ግን አንድ ሳምንት የበላብኝ ነገር አለ። ኮዬ ፈጬ የምትኖር አንዷ ሞካሪያችን አይገባልኝም አለች፣ ሌላው አፕ ሁሉ ይሰራላታል። ሄጄ ስልኳን ሳየው ጠዋት ሶስት ሰዓት ነው፣ ስልኩም 3:00 ይላል። በእጇ በኛ አቆጣጠር ሞልታዋለች፣ ለስልኩ ግን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ሎጉ ላይም ቶር ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረቱን እየነገረን ነበር፣ እኛ ነን ያላነበብነው። ታይም ዞን ብቻ የቀየረ ሰው ችግር የለበትም፣ በእጁ የሞላው ነው የሚቸገረው፣ እና እንዲህ የሚሞላ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ሞልቷል። አሁን አፑ ሰዓቱ እንደተዛባ ሲያይ «ሰዓቱን አውቶማቲክ ያድርጉት» ብሎ በአማርኛ ይነግራል።

የቶሩን ዳታ ፎልደርም አፑ በተከፈተ ቁጥር አታጥፉት። እዛ ውስጥ የመግቢያ ሪሌዩ ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ ቶር ሆን ብሎ ነው ለወራት አንዱን የሚይዘው፣ በየቀኑ አዲስ በመረጠ ቁጥር መጥፎ ሰው እጅ የመውደቅ እድሉ ይጨምራል። ካጠፋችሁት ሲነሳም ይዘገያል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ተጠቃሚዎቻችሁ የሚገቡት በስልክ ቁጥር ነው? በኤስኤምኤስ ኮድ ከሆነ አድራሻቸውን ቶር ቢደብቀውም ማንነታቸውን ራሳችሁ ሰርቨር ላይ እየጻፋችሁት ነው፣ ከቶሩ በፊት እሱን ቀይሩት። የግሬድል ፋይላችሁ ላይ ያሉትን ላይብረሪዎች እዚሁ ኮሜንት ላይ ለጥፊልኝ፣ የትኞቹ እንደሚያሾልኩ አብረን እናያለን።